የተለቀሰለት እንግዳ

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ተነሣን። ውሃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩለት፤ ሙቀቱን በክርኔ ለካሁ፣ የባለቤቴ የእንየው እግር ሙቅና ቀዝቃዛ ስለማይለይ። አጥቤ በፎጣ ካደረቅሁ በኋላ ውስጥ እግሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየሁ። ቁስል አልነበረም። ባለፈው ክረምት ጫማው ውስጥ የገባ ምስማር ሲወጋው ውሎ፣ ማታ ካልሲውን ሳወልቅለት ነው ያየነው፤ ከዚያ ወዲህ እግሩን ሳናይ ከቤት አይወጣም። ሻዩን በዳቦ ጠጣ። መድኃኒት ቤቴን በዚያ ቀን እንደማልከፍት ለጎረቤት ተናገርኩ። ከሐይቁ በኩል ዓሣ የጫኑ ባጃጆች ጥሩምባቸውን እያሰሙ ወደ አስፋልቱ ይወጡ ነበር።

«ዳገቱን ትችለዋለህ?» አልኩት።

«ተወልጄ ያደግሁበት ዳገት ነው።»

«ያኔ እግር ነበረህ።»

«አሁንም አለኝ። የት እንዳለ አለማወቄ ነው እንጂ።»

ሐቢብ በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ሐቢብ ጎረቤታችን ነው፤ ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ባጃጅ ይነዳል። እንየው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ደም ፍለጋ ስንንከራተት፣ ሐቢብ ገና መመለሱ ነበርና ዘመድ ቤት አርፎ ሳለ ሰምቶ መጣ፤ ክንዱን ዘርግቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው አንድ ነው።

«ደሜ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። አዛን ሲሰማ ይቀሰቅሰኛል።»

«አልሐምዱሊላህ። የካቲት ላይ ረመዳንና ሁዳዴ እኩል ይገባሉ፤ ግማሽህን ለእኔ፣ ግማሽህን ለቄሱ ትጾማለህ።»

«ምሳዬን ማን ይበላዋል ታዲያ?»

«እድላ ትብላዋ። ከስታለች» አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

እየተሳሳቁ ወጡ። ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ጋ አድርሶን ተመለሰ። እንየው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ እያየ ሄደ። እናቱ ዘንድ ስንሄድ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ከእሳቸው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በስሙ እንዲጠሩት። ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጠሩትም።

የታመመው በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። የደም ካንሰር፣ አጣዳፊ ከሚባለው ዓይነት። ለዚህ በሽታ አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ፣ በዙር በዙር ይሰጣል። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ነበር። በቱቦው ወርዶ ክንዱ ውስጥ ሲገባ እናየዋለን፤ ማታ ሽንቱ ቀይ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር በሽታውንም ጤናማውንም ጠርጎ ሲጨርስ ሰውነቱ መከላከያ አጣ፣ ኢንፌክሽን ገባበት፣ ራሱን ሳተ። ሐኪሞቹ ቤተሰብ ካለው ይምጣ አሉ። ወደ አምባሰል ደወልኩ። ያነሡት እናቱ፣ እማማ ተሻለች ናቸው።

«እማዬ፣ እንየው በጣም ታሟል። ቶሎ ይድረሱ» አልኳቸው።

የተናገርኩት እውነቱን ነበር። በእኛ አገር ግን የሞተ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ዘመድ «ታሟልና ድረስ» ይባላል፤ ሰሚውም ምን እንደተባለ ያውቃል፣ እያለቀሰ ይመጣል። እማማ ተሻለች ስልኩን መሬት አስቀምጠው ጮኹ። መንደሩ ተሰበሰበ። እኔ መልሼ ብደውል የሚያነሣ አልነበረም፤ በማግስቱ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ደረሰና መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ።

ስለዚህ አለቀሱለት። ፎቶግራፉንና የሠርጉን ኮት አልጋ ላይ ዘርግተው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱለት። ፍትሐት ተደረገለት። አርባው ሲደርስ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ፣ የነበረው እህል ተሰብስቦ ተዝካሩ ወጣ። ልብሱ ለነዳያን ተሰጠ። በኋላ ቀኑን ስናመሳክር፣ እንየው ሆስፒታል አልጋው ላይ ዓይኑን የገለጠው እናቱ ፀጉራቸውን በተላጩበት ጠዋት ነበር።

ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ቄስ ፈንታሁንን ነው፤ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው። ከዚያ ስልኩን ለእማማ ተሻለች ሰጧቸው፣ እኔም ለእንየው ሰጠሁት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነርቭ ይጎዳል፤ ድምፁ ሻክሮ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «እግዜር ይማርዎ፣ የኔ ጌታ» ብለው ስልኩን መለሱ።

ሐኪሙ በሁለት ዙር መካከል አገሩን እንዲያይ ፈቀደለት። ራሱ ተመልጦ፣ ቆዳው ጠቁሮ፣ ጥፍሮቹ ከስለው ነበር የወጣው። ጎረቤቶቹ ሲያዩት ያማተቡ አሉ፣ የሸሹም አሉ። ቄስ ፈንታሁን ፊቱን በመስቀል ዳብሰው «ሕያው ነው፣ ንኩት» አሏቸው። ነኩት፤ እልል አሉ። እናቱ ከቤት የወጡት መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ሲሄድ ቆመው ተመለከቱት። የእግሩን ጫፍ ማንሣት አቅቶት፣ በተራመደ ቁጥር መሬቱን በእግሩ ጧ ያደርጋል። አጠገባቸው ሲደርስ ትከሻውን ሳሙት።

«እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉት።

አንቱ አሉት። የወለዱትን ልጅ።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው። በሌላ ነገር ሁሉ አእምሯቸው የተካከለ ነው፤ እርሻውን ያስተዳድራሉ፣ የጎረቤቱን ልጆች ልደት ሳይቀር ያስታውሳሉ። እኔንም የልጃቸው ሚስት መሆኔን አልረሱም። አንድ ጊዜ ጓዳ ውስጥ እጄን ይዘው፣ ስሜን እንደ ልማዳቸው አቆላምጠው፣ «እድላይ፣ ዳግም ማግባትሽን አልነቅፍም። ወጣት ነሽ። ሰውየውም ጨዋ ነው» ብለውኛል። እንየው ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን የልጅነት ነገር ቢያነሣላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና «ልጄ ነግሯት፣ እሷ ነግራዎት ነው» ይላሉ። ፀጉሩ ሲበቅል ደግሞ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ሆኖ በቀለ፤ የቀድሞው እንደ ሽቦ የጠነከረ ነበር። ስለ ሕክምናው ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር።

«ክፉውን ደም አጠፉት፣ ሌላ ሰው ደም ሰጠው፣ ከዚያ መቅኒው አዲስ ደም ሠራ» አልኳቸው።

«አዲስ ደም።»

«አዎ።»

«ፀጉሩም አዲስ ነው። ድምፁም። አረማመዱም የልጄ አይደለም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ከልጄ የቀረው ምኑ ነው?»

መልስ ነበረኝ። በመልሱ ግን አላመኑም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ከሚኒባሱ ወርደን ዳገቱን ጀመርን። እንየው ያን ዕለት ተስፋ ይዞ ነበር። በሽታው ሳይመለስበት አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ድኗል እንደሚባል ሐኪሙ ነግሮታል፤ አምስቱ ሊሞላ ወራት ቀርተውት ነበር። «ድኛለሁ ስላት ምናልባት ታየኝ ይሆናል» አለኝ። እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ቆመ። እጁን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ቁልቁል አየ። ትንፋሹ አጠረ። እግሩ ነው ብዬ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሮ ሳየው እግሩ እንዳልሆነ አወቅሁ።

እማማ ተሻለች እንደ ወጋቸው በክብር ተቀበሉን። «እንደምን ሰነበቱ? መንገዱ አደከመዎት?» አሉት። እግሩን በገዛ እጃቸው አጠቡት። እኔ እንደማደርገው ቀስ ብለው፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያጥቡታል፤ እሱ ግን የእናቱን እጅ አይሰማውም፤ በዓይኑ ብቻ ይከተለዋል።

«እማዬ፣ ልድን ነው» አላቸው። «ጥቂት ወር ነው የቀረኝ።»

«ይማርዎ፣ የኔ እንግዳ። እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንኳን ደስ አላቸው» አሉና ውሃውን ሊደፉ ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ሳፋውን ከግራሩ ሥር ደፉት፤ ወዲያው አልተመለሱም።

«እድላይ፣ አንድ ነገር ብለምንሽ አትቀየሚኝም?»

«አልቀየምም፣ እማዬ።»

«ልጄ ይመጣል» አሉ። ስለ አህያቸው እንደሚነግሩኝ ዓይነት ድምፅ ነበር። «ጎህ ሲቀድ። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ይመጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይሄዳል። አላየውም። አረማመዱን ግን አውቀዋለሁ፤ ከመታመሙ በፊት የነበረው ነው። እንግዳው እዚህ ባደረ ጊዜ ግን አይገባም። ውጭ ውጭውን አጥሩን ይዞርና ይመለሳል። ልቤ አይችለውም። እባክሽ፣ ሰውየውን ቶሎ ቶሎ አታምጪብኝ።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እሺ ያልኩ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሰማዩ ሳሳ ሲል ነቃሁ። እንየው አጠገቤ ነበር። ጠፍጣፋ ትራስ ስለማያስተነፍሰው የጤፍ ጆንያ ተደግፎ፣ ግማሽ ተቀምጦ ተኝቷል። ውጭ ሰው ይሄዳል። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፤ እኩል፣ ያልቸኮለ፣ ከባድ። ያንን አረማመድ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከኮሪደር ማዶ ለይቼው ደብተሬን እሰበስብ ነበር። በአጥሩ በስተጀርባ ዞረ። በሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እጄን ዘርግቼ የእንየውን እግር በብርድ ልብሱ ውስጥ ያዝኩ። እዚያው ነበር፤ ቀዝቅዞ ነበር። ውጭ ያለው ጥቂት ቆየና በመጣበት ተመለሰ።

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። እማማ ተሻለች ከእኔ ቀድመው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ሰማሽው?» አሉኝ።

«ከብት ይሆናል» አልኩ።

«እሺ» አሉ።

ለእንየው አልነገርኩትም። ከዚያው ወርደን ደሴ ሄድን፤ ልቡን በማሽን አዩት። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። ከመጀመሪያው ጀምራ ስትከታተለው የነበረችው ሐኪም ውጤቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«ደምህ ንጹሕ ነው» አለችው። «መቅኒህም ንጹሕ ነው። በሽታው የለም። በዚህ ሕክምና አልፈው አንተ ያለህበት የሚደርሱት ብዙ አይደሉም።»

«ልቤስ?»

«ልብህ ደክሟል። ቀዩ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ወዲያው አይደለም፣ ከዓመታት በኋላ። ኪኒን እንሰጥሃለን፤ የሚረዳው አለ። ያንተ ግን በጣም ወርዷል፤ ልዋሽህ አልችልም።»

«ያዳነኝስ እሱ ነው?»

«እሱና ሌሎቹ። አንድ ላይ።»

«እንግዲያው ምን እለዋለሁ» አለና ኮቱን አነሣ።

እኔ ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ኪኒኖቹን ከራሴ መደርደሪያ እያወረድኩ ጠዋትና ማታ ሰጠሁት፤ ለትንሽ ጊዜ እግሩ ማበጡን ተወ፣ ከዚያ እንደገና አበጠ። ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን «እናቴ ዘንድ ውሰጂኝ» አለ። እማማ ተሻለች የለመኑኝን ያን ጊዜ ነገርኩት፤ የሰማሁትንም ነገርኩት።

«ደጇን ለዚያኛው ነው የምትከፍተው ማለት ነው» አለ። «ቢሆንም ውሰጂኝ።»

ሐቢብ ባጃጁ የሚወጣበት ድረስ አወጣን። ከዚያ በላይ በበቅሎ ነው። ሐቢብ እንየውን ከወገቡ ይዞ ኮርቻው ላይ አወጣው፤ ራሱ ልጓሙን ያዘ።

«በቅሎዋ ክርስቲያን ናት?» አለ።

«አልጠየቅኋትም» አለ እንየው፣ በሚቆራረጥ ትንፋሽ።

«ደሜ ከፍታ ይፈራል፣ ቀስ አድርጊ በላት። አብሽር ወንድሜ። ደርሰናል።»

አልደረስንም ነበር። ሐቢብ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አንገት አዙሮ ነው ቀሪውን መንገድ የሄደው።

እማማ ተሻለች ሲያዩን አልተከፉም። የታመመ ሰው ደጃፋቸው ደርሷል። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁለት፣ አጥሚት ሠሩለት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት አጠገቡ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡለት ነበር። ጎህ ሲቀድ አጥሩን የሚዞረው በየቀኑ ይሰማ ነበር። አሁን ሦስታችንም እንሰማዋለን፣ ማንም አያነሣውም። እንየው ዓይኑን ሳይገልጥ ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ ያዞር ነበር፤ ደጃፍ ላይ የሚያውቀው ሰው እንደመጣ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እጃቸውን ያዘ።

«እማዬ፣ ስሜን ጥሪኝ።»

«ምን ልበልዎ፣ የኔ ጌታ?»

«እንየው በይኝ።»

እጃቸውን አላስለቀቁትም። «እሱ የልጄ ስም ነው» አሉት፣ በጣም በቀስታ። «አውጥቼ ለሰው ብሰጠው እሱ በምን ይመለሳል? ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አለ እንየው።

ውሃ ጠየቀ። እማማ ተሻለች ሊያመጡ ተነሡ፤ ጣሳውን ይዘው ሲመለሱ ሞቶ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀመጡ፣ ዓይኑን ከደኑለት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ጎረቤት ሄዱ። «እንግዳዬ ዐረፈ» ብለው ተናገሩ። አልጮኹም።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ለቅሶ ግን መሪ ይፈልጋል፤ እናት ስትጮህ ነው ሴቶቹ የሚከተሉት። ሴቶቹ እማማ ተሻለችን አዩ። እሳቸው በስተኋላ ቆመው፣ ከሩቅ ለመጡት ውሃ ይቀዱ ነበር። ስለዚህ የለቅሶ ድምፅ ሳይሰማ ተቀበረ። ቄስ ፈንታሁን ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ጊዜ የፈቱትን ሰው ነው እንደገና የሚፈቱት። የክርስትና ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠሩት፣ ከአጠገባቸው ካለነው በቀር ማንም አልሰማም። ሐቢብ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀን። የሚቀልደው አልነበረውም።

እኔ እማማ ተሻለች ዘንድ ቆየሁ። ከእኔ በቀር ሰው አልቀረላቸውም፣ ለእኔም ከእሳቸው በቀር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ደጃፉን ከፍተው ተቀመጡ። ወፎች ተንጫጩ፣ ፀሐይ ወጣች።

«ዛሬ አልመጣም» አሉኝ።

በሌላው ቀንም ከፍተው ተቀመጡ። በሌላውም። ቀጥሎ ባለው ቀን የአጥሩን በር ሳይቀር ፈትተው ወለል አድርገው ተዉት፣ ማንም የሚያግደው እንዳይመስለው። እኔም ከውስጥ ሆኜ አዳመጥኩ። በቅጠሉ ላይ ነፋስ አለፈ። ከዚያ በቀር ምንም አልነበረም።

«እንግዳው እኮ የለም አሁን» አሉ። «ለምን ቀረ?»

እሳቱን አቀጣጠልኩ።

ሲመሻሽ አልበሉም። በነጋታው ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሳይዞሩ ጠሩኝ።

«እድላይ።»

«እመት።»

«አልጋዬ ላይ የሞተው ሰው ማን ነበር?»

«እንየው ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ በግድግዳው ተደግፈው ተነሡ። ጥቁር ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን እስከ አጥሩ በር ሄዱ። እርሻ ውስጥ ያለ ልጅ እንደሚጠራ እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው ጠሩት።

«እንየው። አንተ፣ እንየው።»

ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጡ። ማንም አልተጠጋም። ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ሄደ፤ ጥቂት ጠበቁና እንደገና ጠሩ።

ክረምቱ ገብቷል። እኔ ወደ ሐይቅ ተመልሻለሁ፤ መድኃኒት ቤቱን ጠዋት እከፍታለሁ። ቄስ ፈንታሁን በስልክ እንደሚነግሩኝ እማማ ተሻለች አሁንም በየማለዳው ወጥተው በስሙ ይጠሩታል። አቤት የሚል የለም።